ያለ ቦንዡር አይደረስም

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ሰኔ ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ በዛብህ፣ የሰፈራችን የሥርዓት ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ቦንዡር። ይህን ካላስቀደምኩ ደብዳቤዬን እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው እንጂ፣ እንደ ወጉማ ሆድዎ እንዴት ሰነበተ፣ ቁርጠቱ ለቀቀዎት ወይ ብዬ በጀመርኩ ነበር። ፈጣሪ ምሕረቱን ያውርድልዎ።

እኔ ከእትዬ ካልቱን ወዲህ ያለሁት፣ የባቡር መካኒኩ ሚስት ሙሉነሽ ነኝ። እርስዎ ከእሳቸው ወዲያ ነዎት። ይህን የምገልጸው፣ ፓሪስ አራት ወር ተምረው ከተመለሱ ወዲህ የሥልጡን ከተማ ሰው የጎረቤቱን ስም አያውቅም ብለው ስላስተማሩን፣ ምናልባት ረስተውን እንደሆን ብዬ ነው። ለትምህርቱ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ያጋጠመንን ጥቂት ችግር በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በየግቢያችን መካከል የነበሩትን ትንንሽ የአጥር በሮች፣ ፓሪስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብለው በሚስማር አስቸነከሯቸው። እትዬ ካልቱን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ዓይናቸውም የደከመ ሴት ናቸው። ጠዋት በዚያች በር ብቅ ብዬ በደኅና ማደራቸውን ሳላይ እሳት አልጭርም ነበር። አሁን ግን በደቻቱ ወንዝ ዳር ዞሬ፣ ያውም እርስዎ እንዳዘዙት አስቀድሜ ቀጠሮ ይዤ ነው። ሴትየዋ በቀጠሮ ይታመሙልን?

፪ኛ/ ቦንዡር ሳይሉ ሰው ማናገር ብልግና ነው ብለው በየደጃችን ማስታወቂያ ለጠፉ። እኛም ታዘዝን፤ ባለሱቁ ዒልሚ እንኳ ዛሬ ቦንዡር ሳይል ሚዛኑን አይነካም። ችግሩ የመጣው ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከጅቡቲ ያስመጡትን፣ በሰኔ ሙቀት ፉርጎ ውስጥ ሲንተከተክ የሰነበተውን ፎርማጆ የሚሉትን የፈረንጅ አይብ፣ ክብሩ ሽታው ነው ብለው ብቻዎን በሉት። ከምሳ በኋላ ድረሱልኝ እያሉ ሲጮኹ ሰፈሩ ሁሉ ደጅዎ ተሰበሰበ። የውጭ በርዎ በፓሪስ ልማድ ከውስጥ ተቆልፏል። ጩኸትዎም ያለ ቦንዡር የጀመረ ስለሆነ መልስ መስጠቱ ብልግና እንዳይሆንብን ፈራን። ዒልሚ ለጥንቃቄ ሁለቴ ቦንዡር አለዎት፤ እርስዎ ግን ድረሱልኝ ማለትዎን ቀጠሉ፤ ታዘበዎት። ቀጠሮ የያዘ ሰው አለ ወይ ተባባልን፤ ጠፋ።

ይኼኔ እትዬ ካልቱን፣ ወላሂ ሰው እየሞተ ምን ትቀባጥራላችሁ ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው አጥሩን ዘለሉ። ማስታወቂያዎን ማንበብ ስለማይችሉ ነውና ይቅር ይበሏቸው። የበሉትን አስመልሰው እስኪያበቁ ግንባርዎን ይዘው፣ በሻሻቸው ፊትዎን የጠረጉት እሳቸው ናቸው። ሲዘሉ ግን እግራቸውን ወለም ብሏቸው ይኸው እስካሁን ተኝተዋል።

፫ኛ/ ይህን እንኳ ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ልብስ ሰፊዋ ማዳም ኦዴት፣ ራሳቸው ፈረንሳይ ተወልደው ያደጉት፣ ሕግዎን ብነግራቸው መርፌያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። እሳቸው ባደጉበት በማርሴይ እናታቸው ከመስኮት መስኮት እየተጯጯሁ ሽንኩርት ይበደሩ ነበር አሉ። ፓሪስም ቢሆን የታመመ ሰው ሲያስታምሙ የሚያድሩ ጎረቤቶች አሉ፤ ምናልባት ሰውየው በአራት ወር ውስጥ በር የከፈተለት ሰው አላገኘ ይሆናል ብለው መርፌያቸውን አነሱ። እዚህ ላይ አዘንኩልዎ፤ የምሬን ነው። ምነው ያኔ በነገሩን! ብቸኝነትን ሥልጣኔ ነው ብለው ተሸክመው ከሚመጡ፣ ጥለውት ቢመጡ ይሻል ነበር።

ስለዚህ ሚስማሮቹ እንዲነቀሉ እለምናለሁ። በደቻቱ ዳር ዞሬ የማደርስላቸው መረቅ አይቀዘቅዝም፤ በድሬ ምን ይቀዘቅዛል! የምቀልጠው እኔ ነኝ።

ቦንዡርዎን የማላጓድል፣ ሚስማርዎን ሳይ የምውል፣ ስሜን ባያውቁትም አክባሪ ጎረቤትዎ፣
ሙሉነሽ አየነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እትዬ ካልቱንን መጥተው የሚጠይቁበትን ቀንና ሰዓት እንዲወስኑልዎ የላኩትን ባለወርቅ ካርድ አንብቤላቸዋለሁ። በሽተኛ በቀጠሮ ሲጠየቅ ሰምተው አያውቁምና ሳቁ፤ ሲስቁም እግራቸውን አመማቸው። ዛሬም ነገም እዚያው አልጋቸው ላይ ናቸው። መዶሻ ካለው ሚስማሩን ነቅሎ በትንሿ በር፣ ከሌለው ግን እኔ በመጣሁበት በአጥሩ ላይ ይምጣ ብለዋል።