የሠረገላው ሳንቃ

ለታላቅ እህቴ ለላቪኒያ፤ ከነብራስካ እስከ ኦሃዮ ያለውን ሜዳ የሚያህል ሰላምታ ይድረስሽ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር የሠራነው ቤት አልቆ በር ብቻ ቀርቶት ነበር። እዚህ ዛፍ ለመድኃኒት አይገኝም፤ ያለን እንጨት የመጣንበት ሠረገላ ሳንቃ ነው። ባሌን ኦሪንን "በር ሥራበት" ስለው "ትንሽ እንቆይ" እያለ ሳንቃውን አለስልሶ አልጋ ሥር ደረደረው።

ልጃችን ሄቲ ትልቁን ወንዝ ከተሻገርን ወዲህ ትንሽ ያስላታል። ስድስት ዓመቷ ነው፣ ግን አሁንም በአንድ እጄ አነሳታለሁ። ትናንት እንደተኛች ኦሪን ቁመቷን በገመድ ሲለካ ደረስኩበት። "ምን እያደረግህ ነው?" ስለው "ማደጓን ልይ ብዬ ነው" አለኝ፤ ዓይኔን ግን አላየም። ከዚያ ገመዱን አልጋ ሥር ባለው ሳንቃ ላይ ዘርግቶ ለካው።

ዛሬ ማለዳ ከሩቁ ወንዝ ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ መጋዙን አነሳሁ። ሲመለስ በሩ ተሠርቶ ጠበቀው።

"አንቺ ሴት፣ ሁሉንም ፈጀሽው?"

"ስንጥር አላስተረፍኩም!" አልኩት። "ልጄን ብርድ እየመታት ሳንቃ አላስቀምጥም።"

ከበሬዎቹ ጠፍር ማጠፊያ ቆርጦ በሩን ገጠመልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። በሚያዝያ ስትመጪ ደግሞ አንኳኪ፤ የምትከፍትልሽ ሄቲ ናት።

ታናሽሽ ቲርዛ