ለዳኛዋ ጠረጴዛ

ጥርባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለካሳነሽ፣

እንደምን ከረምሽ? የደብረ ብርሃን ብርድ ከእኛም ይብሳል ይላሉ፤ ጋቢ መደረብ እንዳትረሺ። እኛ ደኅና ነን። እናትሽ እቴናት ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ግን ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ድንቹም ዘንድሮ አላሳፈረንም። በስልክ ድምፅሽን ስሰማ የምናገረው ሁሉ ስለሚጠፋኝ ነው በወረቀት የጻፍሁልሽ።

ለእናትሽ የላክሽላትን ፎቶ አየሁት። ጥቁሩን ካባ ለብሰሽ ቢሮሽ ውስጥ ተቀምጠሻል። እናትሽ ፊትሽን አይታ አለቀሰች። እኔ አናጢ አይደለሁ? ጠረጴዛውን አየሁ። ስምሽ በታጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቆሟል። «ዳኛ የሚያህል ሰው ስሙ በወረቀት?» አልሁ።

በማግሥቱ ጣሪያ ሥር ስምንት ዓመት የደረቀውን ዋንዛ አወረድሁ። ፊደሉን በእጄ ልቀርጸው ነበር ሐሳቤ፤ እጄ ግን ለትንንሽ ነገር እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። ቆሰበር መናኸሪያው አጠገብ በሌዘር ማሽን እንጨት ላይ የምትጽፍ ርብቃ የምትባል ልጅ አለች አሉኝ። ሳንቃውን በመላጊያ አለስልሼ በባጃጅ ሄድሁ።

ርብቃ ሳንቃውን ዳሰሰችው፤ ከዚያ አራቱንም ጫፍ ለካች።

«አባባ፣ በምን ማሽን ነው ያሳሱት?»

«በእጄ ነው።»

«ውፍረቱ እኮ የትም ቦታ አንድ ነው!» ብላ ጎረቤቷን ጠርታ አሳየቻት። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ «ማን ተብሎ ይጻፍ?» አለች።

«ዳኛ ካሳነሽ» አልኋት።

«ልጅዎ ናት? የእርስዎስ ስም?»

«ሽባባው።»

እሷም «ዳኛ ካሳነሽ ሽባባው» ብላ ጻፈችው። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስማችንን ጎን ለጎን አየሁት። ብዙ ቆየሁ ሳየው።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ ለሰው ልድርሽ ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ሸሽተሽ ዳንግላ አጎትሽ ደረሰ ቤት ገባሽ። እሱም «ልጄ ናት» ብሎ በስሙ አስመዘገበሽ፤ ከዩኒቨርሲቲም አደረሰሽ። እኔ በየሰዉ ፊት «ስሜን የጣለች ልጅ» እያልሁ ስወቅስሽ ኖርሁ። ማን ማንን እንደጣለ አሁን አውቃለሁ።

«አጥፊው» አልኋት ርብቃን። «ካሳነሽ ደረሰ በይው።»

ቀና ብላ አየችኝና አጥፍታ እንደገና ጻፈችው።

ጭሱ እንዳያጠቁረው ሳንቃው ላይ ስስ ወረቀት ለጠፈችና የማሽኑን ክዳን ዘጋች። እንደ መርፌ የቀጠነ እሳት ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ፊደሉን ያወጣው ጀመር። የአጎትሽ ስም ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

«ማንም እንዳይነካው!» አለች ርብቃ ደንግጣ። «ከተነቃነቀ ቀሪው ፊደል አይገጥምም።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው እንዳይነካው አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁት። መብራት ሲመጣ ከቆመበት ቀጠለችው፤ ስንጥር እንኳ አልተዛነፈም። ወረቀቱ ሲላጥ ፊደሉ ጥቁር ቡና መስሎ ወጣ።

«እንጨቱ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከጀርባው ስምዎን በትንሹ ልጨምርበት?» አለችኝ።

«ልጄን የሠራትን ሰው ጽፈሻል፤ ይበቃል» አልኋት።

ቤት ወስጄ የኑግ ዘይት ቀባሁት። ዋንዛው አበራ! በዕድሜዬ ስንት በር፣ ስንት አልጋ ሠርቻለሁ፤ እንደዚህ ያኮራኝ የለም።

ከዚያ ዳንግላ ወረድሁ። የደረሰን ደጅ ከረገጥሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። በሩን ሳንኳኳ በአዊኛ «ማነው?» አለ። «ሽባባው ነኝ» አልሁ። ወጥቶ ከደጃፉ ቆመ። ዕቃውን ከጨርቅ አውጥቼ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሽባባው፣ ስምህን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም» አልሁት።

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እጄን ይዞ አስገባኝ። ምሳ አብረን በላን። «እኔ ራሴ አደርስላታለሁ» ስላለኝ፣ ይህን ደብዳቤም የምትቀበዪው ከእሱ እጅ ነው።

አሁን ከቅዳሴ ስንወጣ ሰው ሲጠይቀኝ «ልጄ ዳኛ ናት» እላለሁ። «ማን ትባላለች?» ካሉኝም ሙሉ ስምሽን እነግራቸዋለሁ። አንገቴን አልደፋም።

ፍርድሽ የቀና ይሁን። የተበደለ ሰው ከደጅሽ እያለቀሰ አይመለስ። እግዚአብሔር ቃልሽን ያስከብርልሽ፤ እኛ ያላየንልሽን እሱ ያሳይሽ።

ከፈቀድሽልኝ ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ። ችሎቱ ውስጥ ከኋላ እቀመጣለሁ እንጂ አባቷ ነኝ ብዬ ማንንም አላስቸግርም። ዳኛ ሲገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል አሉ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ እነሣለሁ።

ሽባባው፣
አናጢው