ስሜን አትጥሪ ያለችኝ ሴት

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ደህና ነው። አባዬ መጋረጃውን ቀይሮታል፤ ቀለሙን ብታይው ትስቂበታለሽ። እኔም ተመርቄ እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አስተምራለሁ። አዎ፣ ያንኑ አንቺ የጠንቋይ ትምህርት የምትይውን።

ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ስማር መጽሐፎቼ ላይ እጅሽን ጭነሽ ትጸልዪ ነበር። የጸሎት ቡድንሽንም ልጄ ጥንቆላ ልትማር ነው ብለሽ አስጾምሻቸው! የማነበው ግን የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያንን የፍቅርና የጀብዱ ታሪኮች ነበር። እዚያ ውስጥ ከሐይቅ ወይም ከጫካ የምትወጣ አስማተኛ ሴት አለች። የቆሰለውን ፈረሰኛ ታድናለች፣ የጎደለውን ትሞላለታለች፤ በምላሹ የምትጠይቀው ስለ እሷ ለማንም እንዳይናገር ብቻ ነው። ከተናገረ ያጣታል። ዛሬ ተማሪዎቼ ገና ታሪኩን ስጀምርላቸው ያውቋታል፤ በቪዲዮ ጌምም በፊልምም አግኝተዋታል። ይህን ያህል መቶ ዓመታት ኖራ አለማርጀቷ ይደንቀኛል።

ከእሷ ይልቅ ግን የምትደንቂኝ አንቺ ነሽ። ከሆቴል ሥራ ደክመሽ ገብተሽ አጥሚት አፍልተሽ በፔርሙዝ ትሞያለሽ። ፔርሙዙን የአራስ ወይም የበሽተኛ በር ላይ አስቀምጠሽ፣ ደወሉን ተጭነሽ፣ ሞተር ሳላጠፋ ወደምጠብቅሽበት መኪና በዚያ በሚያምሽ ጉልበት ትሮጫለሽ። ፔርሙዙ አይመለስም፤ ሌላ ትገዣለሽ። ስሜን ብትጠሪ እጣላሻለሁ ትይኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ በመታሰቢያሽ ላይ ፓስተሩ ስለ እናትሽ ተናገሪ አለኝ። መድረክ ላይ ቆሜ ጨነቀኝ። ብናገር ቃልሽን ላፈርስ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ማን እንደነበርሽ ሳይታወቅ ሊቀር ነው። እናቴ ሥራ ትወድ ነበር ብቻ ብዬ ወረድኩ። እንባዬ መጣ፤ የበደልኩሽ መሰለኝ።

ፕሮግራሙ አልቆ ወደ መኪናዬ ስሄድ ግን ኮፈኑ ላይ ፔርሙዞች ተደርድረው አገኘሁ። የአንቺው ናቸው፤ ቀዩም፣ እጀታው የተሰበረውም። ሁሉም ታጥበዋል። አጠገባቸው ማንም ሰው አልነበረም። ለካ አጥሚትሽን የተቀበሉት ሴቶች መኪናዬን በመስኮት እያዩ፣ ሁሉንም እያወቁ፣ ስላልፈለግሽ ብቻ ዝም ብለውልሽ ኖረዋል።

ዛሬ ጀርመንታውን ከተማ አንዲት አራስ አለች። ቀዩን ፔርሙዝ ሞልቼዋለሁ። አልረሳሽም፤ ስምሽን ግን እዚህም አልጻፍኩትም። ደወሉን ተጭኜ እሮጣለሁ።

ልጅሽ