ለካብ የተላኩ ሽማግሌዎች

ይድረስ ለቀድሞው ጎረቤቴ፤ ካለህበት አርባ ምንጭ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት አጠቆረህ ወይስ እንዳለህ ነህ? እኛ ጠያቂ ባይኖረንም እግዚአብሔር ጠብቆን ደህና ነን። አባቴ በከዘራም ቢሆን ደብሩን ይሳለማል። እናትህም ጉልበቴን ከማለት በቀር ሸጋ ናቸው፤ ምላሳቸውማ ጭራሽ ወጣት ሆኗል። ይህን የምትጽፈው ናፍቄያት ነው ብለህ ደረትህን እንዳትነፋ። ያዘዙኝ እናትህ ናቸው። የአባትህ ካብ ከቦታው መነሣቱን በስልክ ሊነግሩህ አልፈለጉም። «በስልክ የጀመርኩት ነገር ሳያልቅ ካርዱ ያልቅብኛል፤ እሱም እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ እያለ ይዘጋብኛል። አንቺ ከመጀመሪያው ስለነበርሽ አደላድለሽ ጻፊለት» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። እኔና እናትህ እሺ መባባል መጀመራችን ሊገርምህ ይችላል፤ እሱንም እነግርሃለሁ።

ካህናት ሰፈር ትተኸው እንደሄድከው የቆየህ አይምሰልህ። ዱሮ ከደብሩ አገልጋይ በቀር እዚህ ዳገት ላይ ቤት የሚሠራ አልነበረም ይላሉ። የዚያን ጊዜ ሰዎች በቅሎ ከነኮርቻዋ ካለፈች ሌላ ምን ያልፋል ብለው አጥራቸውን ፊት ለፊት ገጥመው ካቡት። ጣሊያን ከታች አስፋልቱን ሲያነጥፍ የኛን ዳገት ቀና ብሎ አየና ተወው። ደርግ መጥቶ ትልልቁን ግቢ በቀበሌ ቤት ሸነሸነው። ቀጥለን እኛ መጣን፤ አባቴ የሳንጃ ሰሊጡን ሸጦ ቤት ሲገዛ ቆለኛ ገባብን ተብሎ ሰፈሩ ሲያንሾካሹክ ከረመ። ዛሬ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መምህር፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ድንች ነጋዴው ሁሉ ተከራይቶ ሞልቶታል። ቆለኛ የሚለን ቢኖር የሚሰማው አያገኝም። መንገዱ ግን ያው የበቅሎ መንገድ ነበር። ፍሪጅ የገዛ በሸክም ያስገባል፣ የታመመ በቃሬዛ ይወጣል፣ የሞተም በቃሬዛ።

ባለፈው ጥቅምት ምንዳዬን ምጥ ያዛት። ምንዳዬን አታውቃትም፤ ካንተ በኋላ የመጣች የባጃጅ ነጂው ሚስት ናት። አምቡላንሱ አስፋልት ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ እኛ በወንበር ተሸክመናት እንወርዳለን። እናንተ ካብ ጥግ ስንደርስ፣ እዚያ መንገዱ በሚጠመዘዝበትና ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው ቦታ፣ ከዚህ አላልፍም አለች። አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስንቱን በሆስፒታል አልጋ አዋልጃለሁ፤ ድንጋይ ላይ ግን አዋልጄ አላውቅም ነበር። እናትህ በራቸውን ከፍተው ወጡ፤ ነጠላቸውን እንደ መጋረጃ ዘርግተው ያዙልኝ። ልጁ ደህና ነው። የክርስትና ስሙ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን መንገዱ እያለ ይጠራዋል።

ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልተቻለም። ከተማው ስፋቱን እናንተ አውጡ፣ ኮብልስቶኑን እኛ እናነጥፋለን አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ እኔንም ጸሐፊ አደረጉኝ። ማን ያምናል፣ ለአንድ ክንድ መሬት ሲካሰስ የኖረ ሰፈር ሁሉ ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ አጥሩን ወደ ኋላ ስቦ ሰጠ። የቀረው የእናትህ ካብ ብቻ ነበር። ከዚያም ላይ አንድ የማናውቀው የከተማው ሠራተኛ መጣና ካቡ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርጎ ሄደ። እናትህ ቀለሙን በአመድ ሲፈትጉ ዋሉ። ይህን ካብ ሟቹ ባለቤቴ መሪጌታ አቋቋም ሊማር የመጣውን ተማሪ ሁሉ ከአንገረብ ወንዝ ድንጋይ እያሸከሙ የካቡት ነው፣ በሬን ያላንኳኳ ሰው አጥሬን አይነካም አሉ። ድንጋይ አንጣፊዎቹም እስከ ጥር መጨረሻ ካልተከፈተ ወደ ሌላ ሰፈር እንሄዳለን አሉን። የሁሉም ሰው ድካም በአንድ ጥግ ላይ ቆመ።

የእድራችንን ዳኛ አያ አስናቀውን ታውቃቸዋለህ፣ ነገር ሲጨንቃቸው ጢማቸውን ይጎትታሉ። ያን ዕለት ጎትተው ጎትተው ሲያበቁ፣ ሴትዮዋ እኮ እውነታቸውን ነው፣ ልጅ ሲፈለግ ሽማግሌ ይላካል፣ ይህም ካብ ለመሪጌታ ከልጅ አያንስም ነበርና በወጉ እንለምናቸው አሉ። ልኬቱን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ሳትመጪ አንሄድም አሉኝ።

እኔ ግን እናትህ ደጅ መቆም ሞት ሆነብኝ። ምነው ብለህ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። «እናቴ የቆለኛ ልጅ ቤቴ አትገባም ብላለች፣ ቀስ ብዬ አሳምናታለሁ፣ ጠብቂኝ» ያልከኝ አንተ ነህ። ጠበቅኩ። አንተ ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ፤ እኔ ስድስት ዓመት በዚያ በር አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለውን ያወቅኩት ያኔ ነው።

የቃና ዘገሊላ ማግስት ጠዋት ሄድን፤ አያ አስናቀው፣ ቄሰ ገበዙ፣ እኔና አምሐ። አምሐ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ከናንተ ግቢ ቀጥሎ ተከራይቶ ይኖራል። እናትህ ወጥተው ተቀመጡ አሉን። አያ አስናቀው ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ገና ሳይጨርሱ፣ አምሐ ተቀመጡ መባሉ እውነት መስሎት መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ያን ሁሉ ትምህርት ተምሮ፣ ልመና የሄደ ሰው እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ አላወቀም። አያ አስናቀው በኮቱ አንገትጌ ይዘው ብድግ አደረጉት። እናትህ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ሲስቁ አየሁና ትንሽ ነፍስ ዘራሁ።

አያ አስናቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንዲት ልጅ አለችዎ፣ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጎኗ ሰፍቷል፣ ከቆመችበት ንቅንቅ ብላ አታውቅም፣ ለሰፈራችን ይዳሩልን አሉ። እናትህም በወጉ መለሱ። ልጄ ገና ናት፣ ዘመድ ሳላማክር አልሰጥም፣ ደግሞስ የናንተ ዘር ማን ነው እያሉ ፀሐይ ላይ አደረቁን። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

በኋላ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ ተጠይቄ እምቢ ያልኩት ነገር በሕይወቴ የለም፣ የሚያቃጥለኝ ሰው ሳይጠይቀኝ እምቢ ትላለች ማለቱ ነው አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ ያንቺን ነገር ያነሣልኛል ብዬ ስንት ዘመን ጠበቅኩ። አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቀኝ ሄደ። አንቺም በበሬ አንገትሽን ደፍተሽ ታልፊያለሽ። ምን አድርጌያችሁ ነው?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ፤ ተሸክሜው የኖርኩት ሸክም ከጀርባዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ለካ እዚያ ግቢ ውስጥ የናቀችኝ እናት አልነበረችም። ጉልበታቸውን ስሜ አለቀስኩ፣ እሳቸውም አለቀሱ፣ አያ አስናቀው ካቡን አገኘን ወይስ አላገኘንም እያሉ ጢማቸውን ይጎትታሉ።

አገኘን። እናትህ ጥሎሽ ጠየቁ፤ ካቡን ማሽን አይነካውም፣ ሰፈሩ ድንጋዩን በእጁ ተሸክሞ ወደ ውስጥ መልሶ ይክበው አሉ። ቅዳሜ ማለዳ ካህኑም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም ወጣ። ምንዳዬ ልጇን አዝላ በአንድ እጇ ታቀብላለች፣ አባቴ ከዘራውን ጥሎ እኔስ ሰው አይደለሁም ብሎ ተቆጣ። እናትህ መሐላችን ቆመው ይህን የተሸከመው ዛሬ የእገሌ ደብር አለቃ ነው፣ ይህን የተሸከመው ሰነፍ ነበር እያሉ ድንጋዩን ሁሉ በባለቤቱ ይጠሩታል። ቆለኛው፣ ደገኛው፣ ተከራዩ፣ ባለርስቱ ሁሉም በአንድ ረድፍ ቆሞ ድንጋይ ሲቀባበል እንዲያ ያለ ቀን ይህ ሰፈር አይቶ አያውቅም። ማታ ካቡ ተመልሶ ቆመ፣ ያውም ከዱሮው ቀና ብሎ። አሸነፍን። ዛሬ አምቡላንስ እስከ ደብሩ በር ይደርሳል፤ ትንሹ መንገዱም እዚያው በተወለደበት ቦታ ላይ ይድሃል።

ካልኩህ አይቀር አንድ ልጨምር። አያ አስናቀው ሽምግልናው ጣማቸው መሰል፣ ደግመው ወጡ፤ ሁለተኛው የኛ ቤት ነበር። አምሐ ኮሶዬ ድረስ ሄዶ እናቱን ስለ እኔ የጠየቃት ካቡ በቆመ በሳምንቱ ነው። ምን ትለኛለች ብሎ አልፈራም። አባቴ ሽማግሌዎቹን ብዙ አላስቆማቸውም።

የፊታችን እሑድ አበባ የታሰረባት ነጭ መኪና ከአስፋልቱ ሽቅብ ወጥታ እኛ በር ድረስ ትመጣለች። እናቴ ይህን ሳታይ ሞተች እያልኩ ስተክዝ እናትህ ሰሙኝ። እናት የላትም ተብላ ከዚህ ሰፈር የምትወጣ ልጅ የለችም፣ የምሸኝሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ ነሽ አሉ። የሐበሻ ቀሚሳቸውን አሰፍተዋል፤ እልልታውን ከወዲሁ ጓዳ ውስጥ ይለማመዳሉ።

ቢመችህ ና። ባይመችህም እናትህን ደውለህ እሺ እማዬ ሳትል እስኪጨርሱ ስማቸው። የመሪጌታ አምላክ በሄድክበት ይከተልህ፣ ከክፉ ይሠውርህ፣ የልብህን በአፍህ የምትናገርበት ድፍረት ይስጥህ፣ የምትወዳትን ያምጣልህ። አሜን።

እኅትህ