ያኔ የሳቅሽበት ውህድ

ልጄ፣ ባለሽበት ክፉ አይንካሽ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም። አባትሽ እህል አልቀምስ ብሏል፤ የጓሮዋን ቤተ ሙከራም ቆልፏታል። ዕድሜውን የፈጀበትን ዝገት የሚከላከል ውህድ፣ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤቱ «ማንም የሙያው ሰው በቀላሉ ይደርስበታል» ብሎ ውድቅ አደረገበት። የይግባኙ ጊዜ ዓርብ ያበቃል። ጠበቃው «አይሆንም ብሎ የነበረ ባለሙያ አምጡ፤ የሙያው ሰው እንኳ ካልገመተው ቀላል አልነበረም ማለት ነው» ይለናል።

ከአንቺ ሌላ ከየት ይምጣ? ያኔ የኬሚስትሪ ባለሙያ ሆነሽ ለእረፍት መጥተሽ «አባዬ፣ ሁለቱን ኬሚካሎች ካዋሃድካቸው ብረቱን ጭራሽ ይበሉታል» ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ስትስቂበት ተቆጥቼሽ ነበር። ይኸው በውህዱ የቀባው የግቢያችን በር ዝናብ እየወረደበት ዝገት አልነካውም።

አባትሽ «ልጄን ‹ተሳስቼ ነበር› አላሰኛትም» ብሎ እምቢ አለ፤ የምጽፍልሽ ተደብቄው ነው። ባጠባሁሽ ጡት ለምኜሻለሁ፣ እንደሳቅሽበት ጻፊልን። አምላክ ሳቅሽን አይንሳኝ፤ ብቻ ፈርመሽ ላኪልኝ።

እናትሽ