ሁለት ጊዜ የተፈረመው ሰርኩላር

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ፒያሳ

ጠዋት የስብሰባ ሰርኩላር ታይፕ አድርጌ ቢሮ ለቢሮ እየዞርኩ አስፈረምኩ። የመዝገብ ቤቱን የአቶ ታደሰን ስም በልማድ ጽፌዋለሁ። እሪ በከንቱ ካለው ቤታቸው ከተወሰዱ ሦስት ሳምንታቸው ነው።

ኃላፊው ባዶውን የፊርማ ቦታ አይቶ በሩን ዘጋ።

«ይህን ስም ማን አስገባው?»

«ከድሮው ዝርዝር ነው የገለበጥኩት፣ ጓድ።»

«እንደገና ጻፊው።» ቀና ብሎም አላየኝ።

ስማቸውን አውጥቼ ጻፍኩና እነዚያኑ ቢሮዎች ዞርኩ። ጠዋት የፈረሙት ሁሉ ደግመው ፈረሙ። «ፈርሜ አልነበር?» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ከአቶ ታደሰ ጋር አንድ ክፍል የሚሠሩት ወይዘሮ አልማዝ ብቻ ዝርዝሩን በጣታቸው ቁልቁል ተከተሉ። ስሙ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ፈረሙ።

የመጨረሻው ስም የእኔ ነው። እኔም ፈረምኩ።