የአክስቴ ግማሽ ዛፎች

ውድ አክስቴ ወስፊያ፣

ጁማና ልታገባ ነው። አንቺ “ይቺን ምላሰኛ ማን ደፍሮ ያገባታል?” እያልሽ የምትስቂባት ልጄ። በሂናዋ ዕለት የመንደራችንን ቀሚስ ካልለበስኩ ብላ ድርቅ አለች፤ የሱቁን አልፈልግም። እኔ የት አባቴ ላምጣላት? ያንቺው ከነሣጥኑ ስትሰደዱ እዚያው ቀርቷል። እዚህ ካምፑ ውስጥ የደረቱን ጥልፍ በቃልሽ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺም ባለፈው ክረምት ጥለሽን ሄድሽ።

ቢጨንቀኝ ለሰው የሰጠሽውን ጥልፍ ሁሉ ልሰብስብ ብዬ ተነሣሁ። መቼም ያልሰጠሽው የለም። ላገባ ትራስ፣ ለወለደ የሕፃን መሐረብ፣ ለተጣላሽ ሰው እንኳ የትሪ ልብስ ትልኪለት ነበር። ሁሉም መስቀለኛ ጥልፍ፣ ሁሉም በዚያ ቀይ ክር፣ ሁሉም ደግሞ ጎዶሎ። ለጎረቤታችን ለፋዲያ ለሠርጓ ትራሱን የሰጠሻት ቀን ትዝ ይልሻል?

“አክስቴ፣ ዛፌ እኮ ግማሽ ነው!”

“ግማሹ ሰው ጋ ነው” አልሻት፣ ክሩን በጥርስሽ እየበጠስሽ።

“ማን ጋ?”

“ከቤትሽ ወጣ ወጣ ብትዪ ታገኚዋለሽ።”

ዓይንሽ ደክሞ ነው ብለን ተሳሳቅን።

ለእኔ ደግሞ ግማሽ ዛፍም አልደረሰኝም። መዳፍ የምታህል ቀይ ቁራጭ ሰጠሽኝ፣ መርፌ መሰኪያ። አንድም ምስል የላትም። እቅፍሽ ውስጥ ያደግሁት እኔ፣ ለእኔ ቁራጭ ጨርቅ? ስሜሽ አመሰገንኩሽ፤ ቅሬታዬን ግን እስክትሞቺ አልነገርኩሽም።

ዐርብ ዕለት ሴቶቹ ከአንቺ ያገኙትን ስጦታ ይዘው መጡ። ጎረቤትሽ የነዲም እናት እንደ ልማዷ እያንዳንዱን ገልብጣ ጀርባውን መረመረች። “ፊቱንማ ማንም ያሳምራል” አለች። “እዩት፣ ቋጠሮ የለው! ይቺ ሴትዮ ሰው ናት?”

ምንጣፉ ጠበበን። ጁማና ቦታ ለማብቃቃት የፋዲያን ትራስ ወደ ነዲም እናት የትሪ ልብስ ገፋ አደረገችው። ግማሹ ጥድ ከግማሹ ጥድ ጋር ገጠመ።

ሁላችንም ተንበርክከን እንገፋ ጀመር። በግማሽ የተጠለፈችው ጨረቃ ሞላች። “የሽማግሌ ጥርስ” የምትይው ጥለት ከመሐረቡ ተነሥቶ ትራሱ ላይ ዘለቀ። ስትተርኪልን የኖርሽው የቀሚስሽ ደረት ነው፣ አክስቴ! ያ የቀረው ቀሚስ ገዝፎ ምንጣፋችንን ሞላው።

መሐሉ ላይ ብቻ መዳፍ የምታህል ቦታ ክፍት ቀረች።

“ያንቺስ የታል?” አለችኝ ፋዲያ።

“የኔማ ምን አላት? ቀይ ቁራጭ ናት።”

“ሂጂና አምጪያት!” ብላ ጮኸችብኝ የነዲም እናት።

መርፌዎቹን ነቃቅዬ አምጥቼ አስቀመጥኳት። የዛፎቹ ሥር ሁሉ እሷ ላይ መጥቶ ገጠመ።

“ይቺማ ልቧ ናት” አለች የነዲም እናት፣ ሳትገለብጣት። እኔ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

“አንድ ሣጥን ውስጥ ያለ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል” ትዪ ነበር። ለሣጥንሽ የምታዝኚ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቀሚሱን በየቤታችን እየሸሸግሽው ኖሯል! እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል።

ጁማና እያየች ቀድታ መጥለፍ ጀምራለች። ቋጠሮዋ ይበዛል፤ የነዲም እናት እየተቆጣች ታስፈታታለች። ስጦታዎቹን አንድ ላይ እንስፋቸው ያለች ነበረች፤ እምቢ ብለን ሁሉም የራሱን ይዞ ገባ። የኔዋም መርፌዎቼን ይዛ ቦታዋ ላይ ናት።

እኔም ለጁማና የትራስ ልብስ ጀምሬላታለሁ። ጥድ ነው። መሐሉ ላይ ስደርስ አቆምኩ።

“እማ፣ ይሄ እኮ ግማሽ ነው!” አለችኝ።

ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ምን እንዳልኳት አንቺ ታውቂያለሽ።

ቀይዋ ቁራጭሽ የደረሰቻት፣
የእህትሽ ልጅ ሩቀያ